ስለ 51 ዶላር ከ43 ሳንቲም፦ ለባንኬ የካርድ ክፍል የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ ገንዘቤን ለማስቀምጥበት ባንክ፣ የካርድ አገልግሎት ክፍል
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ከአገር ውጭ በካርድ ስንጠቀም ስለሚቆረጥብን የምንዛሬ ጭማሪ የካርዱ ፖስታ ላይ አንድ መስመር እንዲጨመር ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ።

የባንኩን ስም ያልጻፍኩት ፈርቼ አይደለም። ጎረቤቴ የሌላ ባንክ ካርድ ይዛ ሄዳ ያው የእኔን ታሪክ ይዛ ነው የተመለሰችው። ስለዚህ «ይሄ ደብዳቤ ለእኛ ይሆን?» ብሎ የሚጠይቅ የካርድ ክፍል ካለ፣ አዎ፣ ለእናንተም ነው።

ይህን ስጽፍ ካርዱ የመጣበት ፖስታ ፊቴ ነው። ወፍራም፣ የሚያብረቀርቅ ወረቀት። ከፊቱ ሻንጣ እየጎተተች የምትስቅ ሴት አለች። ከጀርባው «እንኳን ደስ አለዎት» ይላል። የሚስጥር ቁጥርዎን ለማንም አይንገሩ ይላል። ካርድዎ ቢጠፋ በዚህ ቁጥር ይደውሉ ይላል። «በመላው ዓለም ያለ ሐሳብ ይጠቀሙ» ይላል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ዱባይ ላይ 51 ዶላር ከ43 ሳንቲም ስላስወጣኝ ነገር ግን አንድ ቃል የለውም።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሜክሲኮ አካባቢ ሁለት ማሽንና አንድ ሠራተኛ ያላት ትንሽ ቤት አለችኝ። ባለፈው ጥር ኦቨርሎክ፣ ማለትም የጨርቅ ጠርዝ መስፊያ ማሽን፣ ልገዛ ዱባይ ሄድኩ። ዶላሩን እናንተው ጋር በወግ በማዕረጉ ገዝቼ፣ እናንተው ካርዱ ላይ ጫናችሁልኝ። ጥሬ ገንዘብ ጡት መያዣ ውስጥ ሸጉጦ መሄድ ቀረልኝ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። አሁንም ቢሆን ካርድ አትጠቀሙ ልል አይደለም የምጽፈው። ያንን አስቀድሜ ልበላችሁ።

ማሽኑን ያገኘሁት ዴይራ፣ የዱባይ የገበያ ሰፈር ነው። ባለሱቁ ሐበሻ ደንበኛ የለመደ ሰው ነው፤ «ሰላም ነው እህቴ?» ብሎ ነው የተቀበለኝ። ግማሽ ቀን ተከራከርን። ሻይ አመጣልኝ። ሄድኩ፣ ተመለስኩ። በመጨረሻ 1,836 ድርሃም ላይ ተስማማን። የመጨረሻዋን 14 ድርሃም ለማስቀነስ ብቻ ሃያ ደቂቃ ፈጅቶብኛል። ልብ በሉ፣ 14 ድርሃም ማለት አራት ዶላር እንኳን አይሞላም።

ካርዴን ሰጠሁት። ፖስ ማሽኑ ላይ ሰካው፣ ትንሽ ነካ ነካ አደረገና ወደ እኔ አዞረው። ስክሪኑ ላይ ሁለት መስመር አለ። ከላይ በድርሃም 1,836.00። ከታች በዶላር 520.11። ከሥሩ በጣም ደቃቅ ፊደላት ተደርድረዋል፤ መነጽሬን ደግሞ ሆቴል ረስቼዋለሁ። ሰውየው ፈገግ ብሎ «ካርድሽ ዶላር ነው፣ ዶላር ይሻልሻል» አለኝ። እውነትም መሰለኝ። ዶላሩ የእኔ ነው፤ አውቀዋለሁ። ድርሃሙ የሰው አገር ገንዘብ ነው። በዚያ ላይ ስንት እንደሚቆረጥብኝ እዚያው ቁርጡን ማወቅ ጥሩ አይደል? አረንጓዴዋን ተጫንኩ። ለ14 ድርሃም ሃያ ደቂቃ የተከራከርኩት ሴትዮ፣ 20 ዶላር ለመስጠት ሁለት ሰከንድ አልፈጀብኝም።

የ20 ዶላሩን ነገር ላስረዳ። እናንተ ታውቁታላችሁ፣ ደብዳቤውን የሚያነቡ ሌሎች ግን ላያውቁት ይችላሉ።

የኤምሬቶች ድርሃም እንደ ብራችን ጧትና ማታ የሚዋዥቅ ገንዘብ አይደለም። ከዶላር ጋር ታስሯል። እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ አንድ ዶላር 3.6725 ድርሃም ነው። ትናንትም፣ ዛሬም። እንግዲህ 1,836 ድርሃም ስንት ዶላር ነው? በስልኬ ካልኩሌተር 499.93። ሱቁ ውስጥ ያለችው ማሽን ግን 520.11 አለች። አንዱን ዶላር በ3.53 ነው የቆጠረችብኝ። በሌላ አገር ቢሆን «ምንዛሬው ዛሬ ወረደ መሰለኝ» ብዬ አልፈው ነበር። ዱባይ ላይ ግን ይህ ሰበብ አይሠራም። ከ3.6725 የጎደለው ነገር ሁሉ የሆነ ሰው ኪስ ገብቷል።

የማን ኪስ? ይህ ነገር በባንክ ሰዎች ቋንቋ «ዳይናሚክ ከረንሲ ከንቨርዥን» ይባላል። ስሙ ረጅም ነው፤ ሥራው አጭር ነው። ገንዘቡን የእናንተ ካርድ ድርጅት፣ ማለትም ቪዛ ወይም ማስተርካርድ፣ ከመመንዘሩ በፊት ሱቁ ውስጥ ያለው ማሽን ቀድሞ በራሱ ዋጋ ይመነዝረዋል። ጭማሪውን አገልግሎቱን የሚያቀርበው ድርጅት፣ የባለሱቁ ባንክ፣ አንዳንዴም ባለሱቁ ራሱ ይከፋፈሉታል። ሰውየው ለምን ያንን ያህል ፈገግ እንዳለ ያኔ አልገባኝም ነበር። ደንቡ እንደሆነ ደንበኛው ይምረጥ ይላል። መርጫለሁም። ማንም እጄን አልያዘኝም። ድርሃም የሚለውን ብጫን ኖሮ ቪዛና ማስተርካርድ የሚያሰሉበት ዋጋ ከዚያች 3.6725 እምብዛም አይርቅም። ዋጋቸውን ድረ ገጻቸው ላይ ለማንም ሰው ያሳያሉ።

እስከዚህ ድረስ እናንተ የላችሁበትም። አሁን ግን ወደ እናንተ ልመጣ ነው።

እንደተመለስኩ ቅርንጫፋችሁ ሄጄ ስቴትመንት አወጣሁ። ኦቨርሎኩ 520.11 ላይ አልቆመም። ከሥሩ ሌላ መስመር አለ፦ 10.40 ዶላር። የውጭ ምንዛሬ ክፍያ፣ 2 ከመቶ። ደጋግሜ አየሁት። እኔ የጫንኩት ዶላር ነው። ሱቁ የጠየቀው ዶላር ነው። እናንተ የከፈላችሁት ዶላር ነው። ታዲያ ምኑን ነው የመነዘራችሁት? ዶላርን በዶላር?

መስኮቱ ላይ የነበረችውን ልጅ ጠየቅኳት። ጨዋ ልጅ ናት፣ አልተቆጣችም። ስክሪኗን አየች፣ እኔን አየች፣ እንደገና ስክሪኗን አየች። «ሲስተሙ ነው የሚቆርጠው» አለችኝ። ሲስተሙን ማነጋገር ይቻላል ወይ አልኳት። ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ግብይቱ ከአገር ውጭ ከሆነ በምንም ገንዘብ ይሁን ይቆርጣል፣ ምንዛሬ የሚለው ስሙ ብቻ ነው» አለችኝ። እውነቱን ስለነገረችኝ አመሰግናታለሁ። ግን ያንን ዓረፍተ ነገር ካርዱን ስትሰጠኝ ብትነግረኝ ምን ነበረበት? ያን ቀን የነገረችኝ ፎቶዬ እንደሚያምር ነው።

የኤቲኤሙ ነገር ከዚህ ይብሳል። ገና የመጀመሪያው ቀን፣ ለታክሲና ለምግብ ብዬ 500 ድርሃም ላወጣ ሄድኩ። በትክክለኛው ስሌት 136.15 ዶላር ነው። ማሽኑ አስቀድሞ 25 ድርሃም የአገልግሎት እንደሚወስድ ነገረኝ፤ እሺ አልኩ። ቀጥሎ «ከምንዛሬ ጋር ይቀጥሉ» እና «ያለ ምንዛሬ ይቀጥሉ» የሚሉ ሁለት አማራጮች መጡ። ያለ ምንዛሬ ስል ገንዘቡ ጭራሽ የማይወጣ መሰለኝ! ኋላዬ ደግሞ ሰልፍ አለ፤ ሰውየው ትንፋሹ አንገቴ ላይ ነው። የቸኮለች ጅብ ቀንድ ትነክሳለች እንደሚባለው፣ ከምንዛሬ ጋር የሚለውን ተጫንኩ። 525ቱን ድርሃም በ3.50 መንዝሮ 150 ዶላር አደረገው። በላዩ ላይ የእናንተ 2 ከመቶ፣ 3 ዶላር። በላዩ ላይ «ከአገር ውጭ ከኤቲኤም ማውጫ» የምትሉት 4 ዶላር። እጄ ላይ የገባው 136.15፣ ከካርዴ የወጣው 157። ያለ ምንዛሬ የሚለውን ብነካ ኖሮ ገንዘቡ እንደሚወጣ፣ ያውም በተሻለ ዋጋ፣ የነገረችኝ በኋላ አንዲት የአየር መንገድ ሠራተኛ ናት።

እዚህ ላይ ሐቀኛ ልሁን። ሁለቱን ስደምረው ያለአግባብ የሄደብኝ 51.43 ነው። በጥሞና ሳሰላው ከዚያ ውስጥ ወደ 28 ዶላር የሚጠጋው የእኔው ጣት ጥፋት ነው። ሁለት ቁልፍ አሳስቼ ተጫንኩ። የቀረው የኤቲኤሙ ባለቤትና የእናንተ ነው። ስለ 28ቱ ማንንም አልከስም። ግን እኔ መጀመሪያ ጊዜዬ ነው፤ እናንተ ይህንን ካርድ በየቀኑ ነው የምትሰጡት። ከእኛ መሃል ማን ነው ማወቅ የነበረበት?

ባለቤቴ «ለ51 ዶላር ይህን ያህል ደብዳቤ?» ብሎኛል። ይህም ጥያቄ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር እስኪደረግ ድረስ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። ያኔ ቢሆን 51 ዶላር 3 ሺህ ብርም አይሞላ። ከዚያ በኋላ ግን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ዶላሩ መቶን አለፈ፤ አልተመለሰም። ዛሬ ይህችው ገንዘብ የሠራተኛዬን ደሞዝ ግማሽ ታክላለች። ድሮ «ሳንቲም ናት» ተብላ የምትታለፈው 2 ከመቶ፣ በብር ስትቆጠር ሳንቲም መሆኗ ቀርቷል።

የሆቴሉን ነገር ባጭሩ። ስገባ ሪሴፕሽኑ ካርዴን ተቀብሎ ለአምስት ሌሊት 750 ድርሃም ያዘ። ዲፖዚት ነው፣ ሲወጡ ይለቀቃል አሉኝ። ከ204 ዶላር በላይ ነው። እነሱስ እንዳሉት ስወጣ ለቀቁት። እናንተ ጋ ተመልሶ ካርዴ ላይ የታየው ግን አገሬ ከገባሁ ከ11 ቀን በኋላ ነው። ገንዘቡ አልጠፋም፤ ግን በመጨረሻው ቀን ለሠራተኛዬ መቀስ ልገዛ ስል ካርዱ እምቢ አለ። ሰው ፊት እምቢ ሲል ምን እንደሚመስል አልነግራችሁም። ክሬዲት ካርድ ያለው ሰው ይህ አይሰማውም፤ የተያዘበት የባንኩ ገንዘብ ነው። የእኛ ካርድ አስቀድሞ የሚጫን ስለሆነ የሚያዘው የራሳችን ጥሬ ዶላር ነው። ይህንንም ፖስታው አይናገርም። መቀሱ 90 ድርሃም ነበር፤ ጥሩ መቀስ።

አሁን ስለሌሎች አገሮች ጥቂት ልበል፤ «ዓለም ሁሉ እንዲህ ነው» እንዳትሉኝ።

የአክስቴ ልጅ ፍራንክፈርት ነው የምትኖረው። አምና ፕራግ ሄዳ በካርዷ ቡና ጠጣች። ቼኮች ዩሮ አይጠቀሙም፣ ኮሩና ነው ያላቸው። ሒሳቡን በከፈለች በደቂቃው ከባንኳ መልእክት መጣላት፦ የእኛ ምንዛሬ ከአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ ዋጋ በዚህን ያህል ከመቶ ይበልጣል የሚል። መጀመሪያ ማጭበርበሪያ መስሏት ልታጠፋው ነበር። ነገሩ ሕግ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ደንብ መሠረት፣ ከሚያዝያ 2020 ጀምሮ ኤቲኤሙም ሱቁም በራሱ ዋጋ ልመንዝርልህ ሲል ጭማሪው ከማዕከላዊ ባንኩ ዋጋ በላይ ስንት ከመቶ እንደሆነ ከመክፈልህ በፊት ማሳየት አለበት። ከሚያዝያ 2021 ጀምሮ ደግሞ ካርዱን የሰጠው ባንክ እንዲህ ያለውን መልእክት ይልካል። እነሱ ጋም ጭማሪው አልተከለከለም። የተከለከለው መደበቁ ነው። እኔ ዴይራ ላይ «4 ከመቶ ጨምረናል» የሚል ጽሑፍ በሚነበብ ፊደል አይቼ ቢሆን ኖሮ አረንጓዴዋን እጫን ነበር? እኔ? ለ14 ድርሃም ሃያ ደቂቃ የተከራከርኩት?

አሜሪካም ቢሆን በፈቃዳቸው አይደለም የነገሩት። እዚያ ብዙ ባንኮች ከአገር ውጭ ለሚደረግ ክፍያ 3 ከመቶ ገደማ ይወስዳሉ። ድሮ ይህቺ ክፍያ ምንዛሬው ውስጥ ተቀብራ ነበር የምትመጣው። ደንበኞች ተሰብስበው ቪዛን፣ ማስተርካርድንና ትልልቅ ባንኮችን ከሰሱ። ተከሳሾቹ እ.ኤ.አ. በ2006 በ336 ሚሊዮን ዶላር ለመስማማት ተገደዱ። ዛሬ ሜሪላንድ ያለው ወንድሜ ክሬዲት ካርድ ሲያወጣ፣ ይህ ክፍያ ውሉ ፊት ለፊት በሠንጠረዥ ተቀምጦ ያየዋል። ጭራሽ የማያስከፍል ካርድም መርጦ ይዟል። መምረጥ የቻለው ስለተነገረው ነው።

ጎረቤቴን ደግሞ አልረሳት። እሷ ለሽርሽር አልነበረም የሄደችው፤ እናቷን ልታሳክም ባንኮክ ነበር። እዚያ ኤቲኤሞች ካርዷ በገባ ቁጥር 220 ባት ይቆርጡባት ነበር፣ ከ6 ዶላር በላይ። ገንዘቡ እንዳይጠፋባት ፈርታ ትንሽ ትንሽ፣ በየቀኑ ነበር የምታወጣው። ዘጠኝ ጊዜ። ዘጠኝ ጊዜ 220 ባት፣ ዘጠኝ ጊዜ የባንኳ የማውጫ ክፍያ። «ሰብሰብ አድርገሽ አንዴ አውጪ» የሚላት ሰው አልነበረም። እናቷ ተሽሏቸዋል፣ ተመስገን። እሷ ግን ስቴትመንቷን አጥፋ መሳቢያ ውስጥ ከታዋለች፤ ማየት አትፈልግም።

እንግዲህ የምጠይቀው ይህን ነው።

ፖስታው ላይ፣ ከምትስቀዋ ሴት አጠገብ፣ አንድ መስመር ጻፉልን፦ «ማሽኑ ምረጥ ካለህ የሄድክበትን አገር ገንዘብ ምረጥ።» በቃ። ዱባይ ከሆነ ድርሃም፣ ባንኮክ ከሆነ ባት፣ ኢስታንቡል ከሆነ ሊራ። ቦታ የለም እንዳትሉኝ፤ «ያለ ሐሳብ ይጠቀሙ» የሚለውን ብታነሱት በደንብ ይበቃል። ያው እሱም ቢሆን እውነት አልነበረም።

የ2 ከመቶዋን ነገር ወይ ከዶላር ወደ ዶላር ስንከፍል ተዉልን፣ ወይ ስሟን ቀይሩላት። ምንዛሬ ያልሆነን ነገር ምንዛሬ አትበሉት። «ከአገር ውጭ በመጠቀምዎ» በሉት፤ ባይጣፍጠኝም ይገባኛል። እኔ ለደንበኛ ቀሚስ ሰፍቼ «የቁልፍ» ብዬ ዋጋ ብጽፍና ቀሚሱ ቁልፍ ባይኖረው ምን እንደምባል አስቡት።

ቴክስታችሁንም እዩት። ካርዴን በተጠቀምኩ ቁጥር ትልካላችሁ፣ እሱ ጥሩ ነው። ግን «ከሒሳብዎ 520.11 ተቀንሷል» ብሎ ያበቃል። 10.40ዋ ከሁለት ቀን በኋላ፣ ያለ ቴክስት፣ ድምጿን አጥፍታ ነው የገባችው። አብራ ትምጣ። ሱቁ ስንት ድርሃም እንደጠየቀ፣ በስንት እንደተመነዘረ፣ እናንተ ስንት እንደወሰዳችሁ። ሦስት ቁጥር ናቸው። ያኔ ቢያንስ በሁለተኛው ግዢ እነቃለሁ።

ደግሞ ካርድ የምትሰጠዋን ልጅ አንድ ጊዜ ራሷን ዱባይ ላኳት። እየቀለድኩ ነው። ግን ሙሉ በሙሉ አይደለም።

«እኛ ብንነግራችሁም ሰው አያነብም» እንደምትሉ አውቃለሁ። ይህቺን ካውንተር ላይ ብዙ ጊዜ ሰምቻታለሁ። ልክ ናችሁ፣ ውል አናነብም። አሥራ ሁለት ገጽ በደቃቅ ፊደል ማን ያነባል? ግን የምንዛሬ ሰሌዳችሁን ሁላችንም እናነባለን። ቅርንጫፍ ስንገባ ዓይናችን መጀመሪያ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው፤ ዶላር የሌለውም ሰው ያነበዋል። ከሥሩ ሁለት መስመር ጨምሩ። በካርድ ስትከፍሉ ይህን ያህል፣ ከኤቲኤም ስታወጡ ይህን ያህል። እንዲያውም ሰው እየጠበቀ ሲሰለቸው ያነበዋል፤ ሰልፉ እንደሆነ አይጎድልም።

ግንቦት መጨረሻ ላይ እመለሳለሁ ዱባይ። አሁን ደግሞ የቁልፍ ማሽን ነው። የዴይራው ሰውዬም ያውቀኛል፣ ሻይም ያመጣልኛል። መነጽሬን አልረሳም። ካርዳችሁንም ይዤ እሄዳለሁ፤ ሌላ የለኝም። ፖስታው እስከዚያ ካልተቀየረ፣ መስመሯን ራሴ በእስክሪፕቶ ጽፌባታለሁ። ሻንጣ ከምትጎትተዋ ሴት አፍ እንደሚወጣ አድርጌ፣ ክብ ሠርቼ።

ከሰላምታ ጋር፣
አንድ ደንበኛችሁ

አባሪ፦ ሁለት ገጽ ስቴትመንት፣ አንድ ፖስታ

ግልባጭ፦
ለጎረቤቴ (መሳቢያውን ስትከፍት እንድታነበው)
ለዴይራው ባለሱቅ (ሻዩ ጥሩ ነበር)
ለባለቤቴ (51 ዶላሩ የት ገባ ብሎ ለጠየቀው)